በእንቅልፍዎ ልክ ስለተሰፋው ፈረቃ

ለክቡር አቶ ሀብተማርያም ወልደሰንበት
የወርቀ ስንዴ ፓስታ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
አስመራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የልጆችዎን ጤና፣ ከሁሉም አብልጬ ደግሞ የእንቅልፍዎን ጤና እጠይቃለሁ። ለእንቅልፍዎ እኔ የምጨነቀውን ያህል የወለዱዎ እናትም የተጨነቁ አይመስለኝም። ሌሊቱን ተኝተው አደሩ? ምሳ በልተውስ ጋደም አሉ? ትራሱ ተመቸዎ? እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ሠራተኞችዎ ግን ከተኛን ስለቆየን ስለ ጤናችን የምንነግርዎ ብዙ ወሬ የለንም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ ዘርአብሩክ ተኽኣ፣ የሊጥ ክፍል ሠራተኛ፣ በዚህ ዓመት ከማታ ትምህርት ቤት የአማርኛ ንባብና ጽሕፈት አጠናቅቄ የወጣሁ፣ ከክፍሌም አንደኛ የሆንሁ ሰው ነኝ። አንደኛ መሆኔን የማነሣው ለመኩራራት አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ባልደረቦቼም ይህን ስለሚያነቡ፣ ዘንግተውት እንደሆነ ለማስታወስ ያህል ብቻ ነው። አስተማሪያችን መምህር ንዋይ መጀመሪያ ላይ ዘርአብሩክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የተመዘገቡ መስሎት ነበር፤ አንዱ ሳይጠየቅ የሚመልስ፣ ሌላው አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ። ሁለቱም እኔ እንደሆንሁ ሲገባው፣ "አንተ ሰው፣ ለመሆኑ ምን ሥራ ነው የምትሠራው?" አለኝ። "ፓስታ ነው የምሠራው፣ መምህር" ስለው፣ "ፓስታ ሰውን እንዲህ አያደርግም" አለ። እውነቱን ነው፤ ፓስታ ሰውን እንዲህ አያደርግም። እንዲህ ያደረገን የክቡርነትዎ የፈረቃ ሰሌዳ ነው።

ትምህርት ቤት የገባሁበትም ምክንያት እርስዎ ስለሆኑ ምስጋናውን ለባለቤቱ ላድርስ። ባልደረባዬ ደበሳይ በማሽንዎ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ፣ በላዩም ላይ ከሥራ ተሰናብቶ፣ አቤቱታውን በትግርኛ አጽፎ ባመጣ ጊዜ፣ ጸሐፊዎ ወረቀቱን ሳይገልጡ "በአማርኛ አጽፈህ አምጣ" ብለው መልሰውታል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ነበርና፣ "ኣንታ ደበሳይ፣ አይዞህ! እነሱ የሚሰሙበትን ቋንቋ እኔ እማርልህና እነግርልሃለሁ" አልሁት። በዚያ ሁሉ ሕመሙ ላይ ሳቀብኝ። "አንተ? የፌርማታህን ስም ማንበብ እያቃተህ ሁልጊዜ አልፈኸው የምትወርደው አንተ?" አለኝ። ይኸው ተማርሁ። ጸሐፊዎ ያን ቀን ወረቀቱን ተቀብለው ቢሆን ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ፊደል የማልለይ ሰው ሆኜ እቀር ነበር፤ እርስዎም በሰላም ይኖሩ ነበር። የቐንየለይ፤ በአማርኛውም እናመሰግናለን።

የምንፈልገውን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ፤ ዋናው ነገር ከላይ ይምጣ ተብለን ተምረናልና። ደበሳይ በቀን ብቻ ወደሚሠራ ሥራ እንዲመለስ፤ በስንብት ወረቀቱ ላይ "ቸልተኛ" የሚለው ቃል እንዲሰረዝለት፤ ፈረቃውም የሰው ልጅ ሊሠራበት በሚችል አኳኋን እንዲስተካከል። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ ምስጋናውንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ፈረቃውን ወደ ኋላ ስላስሮጡልን እናመሰግናለን።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ፈረቃውን፣ እኛ ቱርኖ የምንለውን፣ ያወጡልን የነበሩት አለቃችን ካፖ ረዳኢ ናቸው፤ ዛሬ በጡረታ ገዛ ባንዳ ሰፈር ተቀምጠዋል። ካፖ ረዳኢ ደግ ሰው አልነበሩም። በጣልያንኛ ይሰድቡናል፣ ሲብስባቸው ቆባቸውን ይወረውሩብናል፣ መልሰን እንድናነሣላቸውም ይጠብቃሉ። ነገር ግን ጠዋት የገባ ሰው ወሩን ሙሉ ጠዋት ይገባል፤ ከዚያ ወደ ከሰዓት በኋላው፣ ከዚያም ወደ ሌሊቱ ይሻገራል። የማድረቂያው ክፍል ሙቀት መቋረጥ ስለማይችል የሌሊት ሥራ የግድ እንደሆነ እኛም እናውቃለን፤ የሌሊት ሥራ ይቅርልን ያለ ሰው የለም። ካፖ ረዳኢ የሚሰድቡን በስንፍናችን እንጂ በእንቅልፋችን አልነበረም።

እርስዎ ግን ገና እንደመጡ "ሠራተኛ ሰዓቱን ከለመደ ይሰንፋል" የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፈው፣ ፈረቃው በየሦስት ቀኑ እንዲቀያየር አዘዙ፤ መቀያየሩም ከሌሊት ወደ ከሰዓት በኋላ፣ ከከሰዓት በኋላ ወደ ንጋት፣ ማለትም የኋሊት ሆነ። ክቡር ሆይ፣ ሰው ማምሸት ይችላል። ሰርግ ቤት ያመሻል፣ ልቅሶ ቤት ያመሻል፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ያመሻል፤ በማግስቱም ትንሽ አርፍዶ ይነሣና ነገሩ ያበቃል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተኛ ቢሉት ግን ዓይኑን በሁለት እጁ ቢጨፍን አይተኛም። በሰውነታችን ውስጥ አንድ ሰዓት አለ፤ ወደ ፊት ሲገፉት ያጉረመርምና ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲጎትቱት ይሰበራል። ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም፤ ሕፃን ልጅ ያስተኛ ሁሉ ያውቀዋል። እኔን ፊደል የጠቀመኝ ለእርስዎ ለመንገር ብቻ ነው።

ቀን ላይ እንዴት እንደምንተኛም ምናልባት ለማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። ባለቤቴ ኣስካሉ ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ ትሰቅልልኛለች፤ ብርድ ልብሱ መስኮት ላይ ስለዋለ እኔን ይበርደኛል። ጨለማው እንደተገኘ በግቢያችን በርበሬ እያዘጋጀች የምትሸጠው የወሎዋ ጎረቤታችን ከዲጃ ሙቀጫዋን ትጀምራለች። በመስኮት ብቅ ብዬ "ከዲጃ እኅቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዛሬን ብቻ!" ስላት፣ "ወንድም ዓለም፣ እንግዲያ ሌሊት ልውቀጥልህ? ሌሊትማ ጎረቤት ይተኛል!" ትለኛለች። ሴትዮዋ ቀንና ሌሊትን የምትለይ ጤነኛ ሰው ናት። ከእርስዎ ይልቅ እርሷ ፋብሪካውን ብታስተዳድርልን ኖሮ ልል አስቤ ነበር፤ ግን ቦታው ተይዟል።

ይህ በዚህ እንዳለ፣ ለእኅቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ በሽማግሌነት ተልኬ ከሴቲቱ ወገን ፊት ቆምሁ። "ልጃችሁን ለልጃችን" ብዬ ጀመርሁ፤ እዚያው እንደቆምሁ ተኛሁ። እነሱ ግን ዝምታዬ የክብር ዝምታ መሰላቸው። ጥቂት ጠብቀው፣ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ የልጅቱ አባት "እንዲህ ያለ ከባድ ሽማግሌ ደጃችን ቆሞ አናውቅም፤ እሺ ብለናል" አሉ። ነቅቼ ስሰማ ጉዳዩ አልቋል። ከዚያ ወዲህ በአገሩ ሚስት የሚጠየቀው በእኔ ነው። ስለዚህ ሰሌዳዎ አንድም ሰው አልጠቀመም ማለት ነውር ይሆንብኛል።

፪ኛ. የመግቢያ ሰዓቱን ስላወጡበት ብልሃት እናመሰግናለን።

ቀድሞ የፋብሪካው ጡሩምባ ንጋት ላይ፣ ቀን በስምንት ሰዓትና ማታ ይነፋ ነበር። እርስዎ የቀኑን ወደ ስድስት ሰዓት አመጡት። የቀኑ ሲሳብ ሌላው ሁሉ ተስቦ፣ የንጋቱ ሰው ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚገባ ሆነ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሰዓት ሰው የሚነሣው ሊወልድ ወይም ሊሞት ነው። ማኪና የለም፤ ፌርማታው ላይ አብሮን የሚቆመው ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም በዓይኑ እያዘነልን። የማድረቂያው ክፍል ሙሄዲን አንድ ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ፋብሪካው ሳይሆን ወደ አያቱ መቃብር ሄዶ ደርሷል፤ "እግሬ ሰው በዚህ ሰዓት ወደሚሄድበት ነው የወሰደኝ" ብሎ ነገረን። ለምን ስድስት ሰዓት እንደተመረጠ ስንመራመር ከረምን። አንዱ ከዱቄቱ ነው አለ፣ አንዱ ከመብራቱ ነው አለ፤ እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ በመጣ ጥናት ነው ብዬ ተከራከርሁ። የተማረ ሰው ያለ ምክንያት ሰዓት አያዛውርም ብዬ ጠበቃ ቆሜልዎ ነበር፤ ይታወቅልኝ።

፫ኛ. ስለ ደበሳይ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ እተወዋለሁ፤ ወዲያው እመለስበታለሁ።

ደበሳይ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሊጡ ከመጭመቂያው ሲወጣ ማካሮኒውን በልኩ የሚቆርጠውን ቢላዋ የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ በካፖ ረዳኢ ዘመን አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘችውም። በእርስዎ ሰሌዳ ግን ከሌሊቱ ወደ ከሰዓቱ፣ ከከሰዓቱ ወደ ንጋቱ እየተወረወረ፣ አንድ ንጋት እጁን ለሥራው እንደዘረጋ ቆሞ ተኛ። እኔ ሊጥ እያመጣሁለት ነበር። ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ይህን ማንም አይከራከረኝም፤ ዓይኑ ክፍት ነበር፣ ግን በውስጡ ሰው አልነበረም። "ደበሳይ!" ብዬ ስጮኽ ቢላዋው ቀደመኝ። ቢላዋው ታጥቦ ወደ ሥራው ሲመለስ ደበሳይ ገና ሐኪም ቤት በር ላይ ነበር።

ከዚያም ወረቀቱ መጣ፤ "በሥራ ሰዓት በመተኛትና በገዛ ቸልተኝነቱ በፋብሪካው ንብረት ላይ ጉዳት በማድረሱ ተሰናብቷል" ይላል። ጉዳት የደረሰበት ንብረት ቢላዋው መሆኑን ጠይቀን ተረዳን፤ ጫፉ ተሸርፏል ተባልን። ለቢላዋው ከልብ አዝነናል። ነገር ግን ያን "ቸልተኛ" የሚል ቃል የያዘ ሰው በአስመራ የትኛውም ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ አይደመጥም፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ በር እያንኳኳ ይውላል።

ሚስቱ ርግበ የነገረችንን ደግሞ ልንገርዎ። ደበሳይ ዛሬም ሌሊት በአሥር ሰዓት ይነሣል። ማንም አይቀሰቅሰውም። በቀሩት ጣቶቹ ጫማውን ያስራል፣ ፌርማታው ድረስ ይሄዳል፣ ሲነጋ ይመለሳል። "ወዴት ነው?" ስትለው "ልገባ ነው" ይላታል። "የት ነው የምትገባው፣ አንተ ሰው? አስወጥተውህ የለም እንዴ?" ስትለው ያን ጊዜ ይነቃል። ሰውየውን አሰናበቱት፤ ሰሌዳዎን ግን ከውስጡ አላወጡለትም።

፬ኛ. በግድግዳዎ ላይ ስለጻፉልን የንባብ ትምህርት እናመሰግናለን።

ባለፈው ወር ደበሳይና እኔ ልንለምንዎ ከፋብሪካው አጥር ጋር ወደተያያዘው መኖሪያ ቤትዎ መጥተን ነበር። የመጣነው ከንጋቱ ፈረቃ እንደወጣሁ፣ ከተማው ሁሉ ጣልያን ባስለመደው የቀትር ዕረፍት ሱቁን ዘግቶ በተኛበት ሰዓት ነው። ዘበኛው ጥላ ሥር ቁጭ በሉ አለን። ቀና ስል ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ አየሁ። ክቡር ሆይ፣ አዲስ ማንበብ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይቶ ዝም ማለት እንደማይችል እርስዎ ረስተውት ይሆናል። መምህር ንዋይ ደግሞ ንባብ ከሆድ ነው የሚወጣው ብሎናል። ስለዚህ ከሆዴ አወጣሁት፦ "ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ ዕረፍት ላይ ስለሚሆኑ በዚህ አካባቢ ድምፅ ማሰማት፣ ጡሩምባ መንፋትና መሰብሰብ ክልክል ነው!"

ዘበኛው "ዝም በል አንተ ሰውዬ፣ እኔን ልታስባርር ነው?" እያለ በሹክሹክታ ይጮኻል። ደበሳይ "ተወው፣ ቀጥል፤ ከታች ፊርማም አለበት መሰለኝ" ይለኛል። ፊርማውንም አነበብሁት።

ያን ጊዜ እርስዎ በቀትር ፀሐይ በሌሊት ልብስ ሆነው ሰገነቱ ላይ ወጡ። ፀጉርዎ በአንድ ወገን ቆሟል፤ ይህን የምጽፈው በፍቅር ነው። "በዚህ አገር ሰው አይተኛም እንዴ?" ብለው ጮኹ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ አቤቱታ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ አጭርና እንዲህ የተሟላ አቤቱታ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዓመት ሙሉ ለመናገር የተቸገርነውን እርስዎ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ደበሳይም ተነሥቶ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ። እርስዎም አተኩረው አዩት፤ "አንተ ያ የተኛኸው አይደለህም እንዴ?" አሉት፤ ገብተው የመስኮቱን መዝጊያ ጓ አድርገው ዘጉት፤ ተመልሰውም ተኙ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የቀኑ ጡሩምባ ከስምንት ሰዓት ወደ ስድስት የመጣው ከዱቄቱም ከመብራቱም አልነበረም፤ ስምንት ሰዓት እንቅልፍዎ የሚጣፍጥበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ለካ ሰሌዳው የሰውን ሰውነት ሰዓት በጥንቃቄ ጠብቆ የተሠራ ነው! ሰውየው አንድ ብቻ ከመሆኑ በቀር ምንም ጉድለት አላገኘሁበትም።

አምስተኛና ስድስተኛ ምስጋናም ነበረኝ፤ ነገር ግን ወደ ሥራው ብንሄድ ይሻላል።

ክቡርነትዎ በዚህ ዓመት በበሩ ላይ "ማንኛውም ሠራተኛ በትርፍ ጊዜው አማርኛ ማንበብን እንዲለማመድ" የሚል ትእዛዝ ለጥፈዋል። እኛም ታዛዦች ነን። ትርፍ ጊዜያችን ደግሞ፣ ራስዎ ባወጡት ሰሌዳ፣ የንጋቱ ፈረቃ በስድስት ሰዓት ሲለቀቅ ይጀምራል፤ ፊታችንን ታጥበን ስንጨርስ ሰባት ይሆናል። መቼም በቀን አንተኛም። በሰፈሩም ከግድግዳዎ የተሻለ፣ ጥርት ያለ የአማርኛ ጽሑፍ የለም። መሰብሰብ ክልክል ስለሆነ አንድ ባንድ ነው የምንመጣው። ድምፅ ማሰማትም ክልክል እንደሆነ አልጠፋንም፤ ግን ጸሐፊዎን ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭ የኋለኛው ይጸናል አሉኝ፤ የንባቡ ትእዛዝ ደግሞ የኋለኛው ነው። እንዲህ ያለ ሕግ አዋቂ ጸሐፊ ስላለዎ እንኳን ደስ ያለዎ።

እንደሰሙት ልምምዱ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እየተካሄደ ነው። ሰኞ ያነበበው ሙሄዲን ነው፤ ድምፁ ሩቅ የሚሄድ ነው። ማክሰኞ የማሸጊያ ክፍሏ ዘቢብ አነበበች፤ "ዕረፍት" የሚለው ላይ ስለተሳሳተች ከመጀመሪያው ደገመችው። ረቡዕ እኔ ነበርሁ፤ እኔ አልሳሳትም፣ ነገር ግን ለጀማሪዎች ምሳሌ እንዲሆን ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

ሐሙስ ከአዲስ አበባ ለመጡት እንግዶች ስለ ምርቱ ሲያስረዱ፣ ከቆምንበት ሆነን አየንዎ። "የዘንድሮው ማካሮኒ" ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ዓይንዎ ክድን ክድን፣ አንገትዎ ዘንበል ዘንበል አለ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አዘንን ብል እግዚአብሔር ይታዘበኛል። ነገር ግን እጅግ የረጋ እንቅልፍ ነበር፤ እንደ ቆሞ ተኚነቴ መመስከር እችላለሁ። ማንም ከሥራ አላሰናበተዎ፣ ማንም "ቸልተኛ" ብሎ አልጻፈብዎ፤ በእጅዎም ከብዕር በቀር ስለት አልነበረም። ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ክቡር ሆይ። ደበሳይ ስምንት ወር ችሎት ነበር።

ጡሩምባው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ፈረቃው ወር ቆይቶ ወደ ፊት ሲዞር፣ ደበሳይም ንጹሕ ወረቀት ይዞ በቀን በር ጠባቂነት ሲገባ፣ ሁላችንም በየሰዓታችን እንተኛለን፤ እርስዎም በሰዓትዎ ይተኛሉ። እስከዚያ ግን የመንግሥት ቋንቋ ተማሪዎች ነን፤ ትምህርት ደግሞ በአንድ ጊዜ አይገባንም።

የላብዎ ፍሬ ይባረክ፤ ትራስዎ ይለስልስ፤ ሕልምዎን በሰላም የሚጨርሱበትን ቀን ያምጣልዎ እያልሁ፣ በእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ነገር ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ እጅ የምነሣ፣

ዘርአብሩክ ተኽኣ
የሊጥ ክፍል ሠራተኛ፣ በንባብ አንደኛ
አስመራ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለመምህር ንዋይ፣ ስሕተት ቢኖር እንዲያርምልኝ፤ አይኖርም እንጂ
ለካፖ ረዳኢ፣ ገዛ ባንዳ፣ እንዲሰድቡበት
ለፋብሪካው በር፣ በአራት ምስማር

ማሳሰቢያ፦ ደበሳይም በዚህ ሳምንት ማታ ትምህርት ቤት ተመዝግቧል። ገና ከፊደሉ መጀመሪያ ላይ ነው። በጎደሉት ጣቶች እርሳስ መያዝ ስለሚከብደው፣ መምህራችን ለጊዜው በቃል ብቻ ይማር ብሎታል። ድምፁን ያውቁታል ብዬ አላስብም፤ በማሽን ጩኸት መካከል ሰው ሲጠራ የኖረ ድምፅ ነው። እንደ እኛ ፈረቃ የለበትም፣ ቀኑን ሙሉ ነጻ አድርገውታል። ፊደሉ ደግሞ ከሁለት መቶ ይበልጣል፤ እሱም ቸኩሎ አይደለም፤ በቀን አንድ ይበቃኛል ብሏል። እስከ ነገ ቀትር ለበር ጠባቂነቱ ካልተጠራ፣ ከመስኮትዎ ሥር ቆሞ በ"ሀ" ይጀምራል።